ይብራዋ የዋኘችበት መንገድ

ይብራዋ የምትዋኘው ጠዋት በእግራችን በመጣንበት መንገድ ላይ ነበር።

መጀመሪያ ሳያት ደስ አለኝ። ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ እንደ ዳክዬ ከአንዱ ቁርቁራ ዛፍ ወደ ሌላው ትንሳፈፋለች። በእኛ ደጋ ይብራ ቢታይ ከሩቅ ሲበር ነው፤ እንዲህ ከቅርብ፣ ዓይኗ እስኪለይ ድረስ አይቼ አላውቅም። «ስንዱ፣ ነይ እይ» ብዬ ልጄን ጠራኋት። መጥታ አጠገቤ ቆመች። እሷም ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፈገግታዋ እዚያው ፊቷ ላይ ደረቀ።

«እማ፣ ያ ቁርቁራ ጠዋት ጫማዬን ያራገፍኩበት አይደል?»

እሱ ነበር። ጠዋት ከሥሩ ተቀምጣ ከጫማዋ ጠጠር አውጥታለች፤ እኔም ግንዱን ተደግፌ እግሬን አሳርፌያለሁ። አሁን ግንድ የለውም። ቅርንጫፉ ብቻ እንደተከፈተ ጃንጥላ ውሃው ላይ ተቀምጧል። ወደ ቀኝ አየሁ፣ ውሃ ነው። ወደ ግራ አየሁ፣ ውሃ ነው። ከኋላችን ተከዜ ራሱ አለ። የቆምንበት ኮረብታ ከሌላው መሬት ተቆርጦ ቀርቷል፤ እኛ ደግሞ አንዲት ኮሽታ አልሰማንም።

እኔም ልጄም ዋና አናውቅም።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁና ወደ ውሃው እመለሳለሁ። የምኖረው ከሰቆጣ ወጣ ብላ ባለች ገጠር ነው፤ ገብስና ባቄላ እንዘራለን። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስሜን እጽፋለሁ፣ ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ የቀረችኝ ስንዱ ብቻ ናት። አስረኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። የአካባቢያችን ወጣት ግማሹ በሑመራ አድርጎ ሱዳን፣ ግማሹ ዐረብ አገር እየሄደ ነበርና፣ እኔ ልጄ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ስትዘገይ እንኳ ደጅ ወጥቼ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ፈሪ ነበርኩ። አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት ብዙ ነገር ትፈራለች።

እናቴ የተከዜ ልጅ ናት። በአበርገሌ በኩል ከወንዙ ዳር ተወልዳ፣ ለአባቴ ተድራ ወደ ደጋ ወጣች። በክረምት እሳት ዳር ስንቀመጥ በአገውኛ ታወራልን ነበር፤ ጉማሬ ከውሃ ወጥቶ ማሽላ ሲበላ እንዴት እንደሚያንኮሻኩሽ፣ አዞ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ሲሞቅ ትንንሽ ወፎች ጥርሱን እንደሚለቅሙለት። አባቴ «ውሸቷን ነው፣ ጉማሬ አይታ አታውቅም» ይላታል። እሷ ደግሞ «አንተን አይቼ የለም እንዴ» ትለዋለች። ይህንን ሁሉ ሰምቼ አደግሁ እንጂ ቦታውን በዓይኔ አላየሁም። ቆላው ወባ ነው፣ ሩቅ ነው፣ መንገዱ ገደል ነው እየተባለ ዕድሜዬ አለፈ።

የሚሌኒየሙ በዓል ባለፈ በሚቀጥለው ክረምት ወሬ መጣ። ተከዜ በታች በኩል ተገድቧል፤ ውሃው ወደ ኋላ እየተኛ ነው፤ የእናቴ መንደር ሊሰጥም ነው፤ ሰዉ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጥቷል ተባለ። እንቅልፍ አጣሁ። ሳላየው ሊጠፋ ነው አልኩ። ስንዱን «እንሂድ» ስላት ደነገጠች። «አንቺ? ቆላ?» አለችኝና ሳቀች። በአይሱዙ እስከ አበርገሌ ወርደን፣ ከዚያ በእግራችን የአጎቴ ልጅ ኪሮስ ወደ ሰፈረበት አዲስ ቦታ ደረስን።

ኪሮስ ፍየል አርቢና ንብ አናቢ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከንፈሩ ላይ ሁልጊዜ ቀልድ ያለበት ሰው ነው። ቤተሰቡንና ፍየሉን አስቀድሞ አውጥቶ፣ ቀፎዎቹ ብቻ አሮጌው መንደር አጠገብ ካለ ኮረብታ፣ ትልቅ ሾላ ላይ ቀርተውበታል። ቀፎ ደግሞ በቀን አይነሣም። ቀን ንቧ አበባ ልትቀስም ሜዳ ናት፤ ቀፎውን ቢወስዱት መንጋው ባዶ ቦታ ተመልሶ ይበተናል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም እስኪገባ ይጠበቃል፣ ከዚያ አፉ በሣር ተወትፎ፣ በገመድ ታስሮ ሰው ይሸከመዋል። ስለዚህ «ጠዋት እንውረድ፣ እናንተ የእናትሽን አገር ስታዩ ዋሉ፣ ማታ ላይ ቀፎዬን ይዘን እንወጣለን» አለን። ከወረዳ የመጡት ሰዎች ውሃው በየቀኑ እንደሚጨምር ነግረውታል። «እኔ ተከዜን ከልጅነቴ ነው የማውቀው» አለ። አመንነው። እኔ ብሆንም እንደዚያው እል ነበር።

ያንን ጠዋት አልረሳውም። ውሃው መሐሉ ድፍርስ ነው፤ ዳር ዳሩ ግን ረግቶ ጠርቷል። ጎንበስ ብዬ ሳይ የድንጋይ እርከን ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ሲወርድ ይታየኛል፤ አያቶቼ የካቡት ነው። ማሽላው እንደቆመ ተውጦ፣ ራሱ ብቻ ብቅ ብሏል፤ ዓሦች ከሥር እየመጡ ፍሬውን ይነክሳሉ፣ ማሽላው ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዛል። ስንዱ እጇን ሰድዳ ልትይዛቸው ትሞክራለች፤ ኪሮስ ወገቧን ይዞ «አንቺ ልጅ፣ የእኔን ማሽላ ለበላ ዓሣ አትዘኚለት፣ ግን እጅሽን አውጪ» ይላታል። አንድ አውድማ አየሁ፣ ክብ እንደሆነ ውሃ ሥር ተኝቷል። የእናቴ ቤት ግን ገና አልሰጠመም ነበር። ጣራው ተነሥቷል፤ ግድግዳውና መቃኑ አሉ። በመቃኑ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ደግሞ ገባሁ። ስንዱ ዝም ብላ ታየኛለች። ከበስተጀርባችን ከውሃው ውስጥ አንድ ነገር እንደ ሰው አስነጠሰ። ዞር ስንል ሁለት ጆሮና ሁለት ዓይን፤ ጉማሬ ነው። እናቴ አልዋሸችም።

እንዲህ ስንደነቅ ውለን፣ ቀትር ካለፈ በኋላ ዝቅ ያለችውን አንገት መሳይ መሬት ተሻግረን ኮረብታው ላይ ወጣን። ቆሎ በላን። ስንዱ ተኛች። ኪሮስ ሾላው ሥር፣ ፊቱን ወደ ላስታ አዙሮ ተቀመጠ። የተከዜ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚቀመጠው። ጎርፉ ከላስታ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ድንጋይ እያንከባለለ ነው፣ ከሩቅ ይሰማል፣ የጭቃው ሽታ ቀድሞት ይደርሳል። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ላይ በኩል ጸጥ ብሏል። ስለዚህ ደኅና ነን ብለን ነበር፤ ይብራዋን እስካይ ድረስ።

«ኪሮስ» ብዬ ተጣራሁ።

«ቀፎ አጠገብ አትጩሂ እቴ፣ ንብ ጩኸት አትወድም» አለኝ ሳይነሣ።

«ውሃው ከበበን።»

«ከየት መጥቶ? እኔ እኮ እያዳመጥኩ ነው።»

ተነሥቶ መጣ። አየ። ቀልዱ ከከንፈሩ ሲጠፋ ያን ቀን አየሁ። ወደ ታች በኩል፣ ወንዙ ወደሚሄድበት አገጩን ቀሰረ። «ከታች ነው የመጣው» አለ። «ወንዝ ወደ ኋላ ሲመለስ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።»

ውሃው ይጨምራል። ዓይናችን እያየ አንዲት ድንጋይ ትጠባለች፣ ትጠፋለች፤ ሌላዋ ትጀምራለች። ኪሮስ ግን ቀፎዎቹን አንጋጦ አየና «ትንሽ ብንታገስ ንቦቹ ይገባሉ። የልፋቴ ሁሉ ነው እቴ» አለኝ።

«ንብህ ክንፍ አላት ኪሮስ። ልጄ የላትም።»

በዚያ መሐል አንዲት ሚዳቋ ከቁጥቋጦው ወጣች። እሷም እንደኛ ተከባ ቀርታ ኖሯል። ውሃው ዳር ቆማ ፊት ለፊት ያለውን ዳርቻ አየች፣ ገባች፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ መዋኘት ጀመረች። ጎበዝ ዋናተኛ ናት። «ልትደርስ ነው» አለች ስንዱ። መሐል ላይ ስትደርስ ከሥሯ ውሃው እንደ ጀርባ አበጥ አለ። ከዚያ ሚዳቋዋ የለችም። ድምፅ አላሰማችም። ውሃው ጥቂት ከተዋዠቀ በኋላ ቀጥ አለ።

የስንዱን ክንድ ይዤ ኖሯል፤ «እማ፣ አመመኝ» ስትል ነው የለቀቅኳት።

«አጎቴ፣ እርስዎ ዋና ያውቃሉ?» አለችው።

«ከመራመዴ በፊት ነው ያወቅኩት። ግን እኔ ብቻዬን ባውቅ ምን ዋጋ አለው?»

ስልቻውን አነሣ። ቆሎ የያዝንበት የፍየል ስልቻ ነው። የቆላ ሰው ተከዜ ሲሞላ በስልቻ ነው የሚሻገረው፤ አፉን ይነፋል፣ አንገቱን ጠፍሮ ያስራል፣ ደረቱን ጭኖበት በእግሩ ይገፋል። ዋና የማያውቅ ሰው ሲኖር ደግሞ እሱን ስልቻው ላይ አስተኝቶ ዋናተኛው ይገፋለታል። ያለን አንድ ስልቻ ነው። አንድ አንድ እያለ ሊያሻግረን ነው።

«በሰፊው ውሃ አንሄድም፣ ጌታው እዚያ ነው» አለ፤ አዞውን ስሙን አልጠራውም። ወደ ግራ፣ ራሳቸው ብቻ ብቅ ወዳለ ግራሮች አመለከተ። «በግራሮቹ መሐል ከሆነ እንደ ልቡ አይገለባበጥም። ግን እሾሁ አለ።» ስልቻውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። አንዲት እሾህ ብትበሳው የት እንደምንቀር ሦስታችንም ገባን።

እኔ ከውሃ ጋር ትውውቅ የለኝም። ጭነት ግን አውቃለሁ። በእኛ አገር በጠባብ ገደል እህል ስንጭን ጆንያው በቁጥቋጦ እንዳይቀደድ በአሮጌ ቆርበት አልብሰን ነው አህያውን የምንነዳው። ጋቢዬን ከላዬ አወለቅኩና አራት እጥፍ አጥፌ ለኪሮስ ዘረጋሁለት። «አልብሰው» አልኩት።

«ጋቢ ሲረጥብ ይከብዳል እቴ።»

«ይክበድ። የሚሸከመው ነፋስ ነው፣ አይደክመውም።»

ስንዱ «እንሞክረው» አለች። ስልቻው ተነፋ፤ በጋቢዬ ጠቀለልነው፣ በቀፎው ገመድ አሥረን ዳር ላይ ለቀቅነው። ትንሽ ጠለቀና ተንሳፈፈ። ስንዱ ትልቅ ድንጋይ ጫነችበት፤ ቻለው። ያኔ እንኳ፣ ያን ሁሉ ፍርሃት ይዛ፣ ድንጋዩን በሌላ ትልቅ ድንጋይ ለውጣ ልታይ ስትል ኪሮስ ቀማት። «አንቺን ነው የሚጭነው፣ አገሩን አይደለም» አላት።

«እማ ትቅደም» አለች።

«ምን ሆነሽ ነው? አንቺ ቅደሚ።»

«እማ፣ ስሚኝ። ውሃው ቢጨምር እኔ ሾላው ላይ እወጣለሁ። አንቺ ዛፍ መውጣት አትችይም። እውነቴን አይደለም አጎቴ?»

እውነቷን ነበር፤ የሚያሳዝነው እሱ ነው። ኪሮስ «እናንተ ስትጨቃጨቁ ውሃው እየሰማ ነው» አለ። እኔ ሾላውን በጣቴ አሳየኋት። «ማን ማን እንደወጣበት አይተሻል?» አልኳት። ቀና ብላ አየች። ጦጣዎቹ ጫፍ ላይ ተሰብስበዋል፤ ከሥራቸው በወፍራሙ ቅርንጫፍ ላይ አንድ እባብ ተዘርግቷል፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም። ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝ። ሳትስመኝ ሄደች፤ ብትስመኝ የምለቃት አልመሰላትም።

ግራሮቹ መሐል እስኪገቡ አየኋቸው። አንዴ የጋቢዬ ነጭ ብልጭ ይላል፣ አንዴ ይጠፋል። አንዴ ኪሮስ ሲናገር ሰማሁ፤ ከዚያ ምንም። ዓይኔን ከዚያ ላይ ማንሣት ፈራሁ፤ እዚያው ላይ ማቆየትም ፈራሁ። በመጨረሻ ዙሪያዬን ማየት ጀመርኩ።

እናንተዬ፣ ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ። ኮረብታዋ እንደ አንድ ግቢ ጠብባለች። ሽኮኮዎች ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል። ጅግራዎች አንገታቸውን አስረዝመው ቆመዋል። ከእነሱ ክንድ በማይሞላ ርቀት አንድ አርጃኖ፣ እንደ ትንሽ አዞ ያለው እንሽላሊት፣ ምላሱን እያወጣ ተኝቷል። በሌላ ቀን ቢሆን ይበላቸው ነበር። ማንም ማንንም አልነካም። እኔን ማንም አልሸሸኝም። ሁሉም ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ዝም ብሏል፤ እኔም ከእነሱ አንዷ ሆኜ ቆምኩ። አንዲት ሽኮኮ ቀሚሴን አሸተተችኝ። ፍርሃቴ የት ሄደ ብዬ ፈለግሁት፤ አለ፣ ግን አጠገቡ ሌላ ነገር ተቀምጧል። ማየት እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ማን አይቷል? ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ደግሞ ንቦቹ ከዳርቻው ተነሥተው፣ ከውሃው በላይ ዝቅ ብለው፣ እግራቸው ላይ ቢጫ ቢጫ ጭነው መግባት ጀመሩ። ቤታቸው ደሴት መሆኑን አልሰሙም።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና፣ ይህ ነገር ምን እንደለወጠብኝ ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ልናገር፤ በኋላ ከተሻገርኩ የምናገረው ሌላ የለኝም።

ሦስት ሰዎች ያን ቀን ሙሉ ወደ አንድ ወገን አዳመጥን። ሞት የሚመጣው እየጮኸ ነው ብለን ለምደናል። ብቻዬን ቆሜ ሳስበው ልጄንም እንደዚያው ነው የማዳምጣት። ስትቆጣ፣ ስታለቅስ፣ «እሄዳለሁ» ብላ ስትጮህ ጆሮዬ ይቆማል። ዝም ስትል ግን ደኅና ናት እላለሁ። ያን ክረምት ደግሞ በጣም ዝም ብላ ነበር። ደጋ ከተመለስን በኋላ ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳት። ደላላ አነጋግራ፣ ቀን ቆርጣ ነበር። ማልቀስ ቃጣኝ፤ ግን ጥያቄ ጠየቅኩ። በየት ነው የምትሄጂው? ማን ነው የሚቀበልሽ? እዚያስ ውሃው እንዴት ነው፣ ሰዉ ምን ይበላል? ስትመልስልኝ አደረች፤ መልስ ያጣችለት ጥያቄ ሲበዛ ራሷ ቀኑን ገፋችው። አልቀረችም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሄደች። ግን ነግራኝ፣ እስከ አውቶቡሱ ሸኝቻት፣ የሚቀበላትን ሰው ስም አውቄ ሄደች። ተመልሳም መጣች። እናቶች፣ ልጆቻችሁ ዝም ሲሉ ጠይቁ። ለመቆጣት ሳይሆን ለማወቅ ጠይቁ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ወርጃለሁ። ያ ሸለቆ ዛሬ ሐይቅ ነው፤ ዓሣ ያወጡበታል፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ወፎች መጥተዋል። የኪሮስ ንቦች ቀፎውን ጥለው ወጥተው ገደል ላይ ሰፈሩ፤ እሱም ከዚያ ማር ይቆርጣል። ይብራ ባየሁ ቁጥር ግን ዛሬም እግሬ የት እንደቆመ አያለሁ።

ወደ ኮረብታዋ ልመለስ። ከግራሮቹ መሐል የኪሮስ ራስ ብቅ አለ፤ ስልቻውን በአንድ እጁ ይዟል።

«ደረሰች?»

«ደርሳ ትሰድበኛለች። ቶሎ ሂድ፣ እናቴን አምጣ እያለች። ተኚ እቴ።»

የልጄን ጫማ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በሆዴ ስልቻው ላይ ተኛሁ። ውሃው ላይ ላዩ ሞቃት፣ ከሥሩ ቀዝቃዛ ነው። እግሬ የሚረግጠው ነገር ሲያጣ ትንፋሼ ቆመ። «ተንፍሺ፣ አለዚያ አንቺ ትሰጥሚና ስልቻው ይቀራል» አለኝ። ግራሮቹ መሐል ገባን። የወፍ ጎጆዎች ዓይኔ አጠገብ ያልፋሉ፤ ሰው የግራርን ጫፍ ከላይ አያየውም፣ እኔ ግን አየሁት። እሾሁ ጋቢዬን ሲጭረው ይሰማኛል፤ ክር ይበጠሳል፣ ይያዛል፣ ኪሮስ ይፈታዋል። ሰፊው ውሃ በቀኛችን ይታያል። እዚያ ምንም አልነበረም፤ ምንም አለመኖሩ ነው የሚያስፈራው።

ከግራሮቹ ልንወጣ ስንል ስስ የሆነ ፉጨት ሰማሁ። ከደረቴ ሥር ነው።

«ኪሮስ፣ እየተነፈሰ ነው።»

«ሰምቻለሁ። አትናገሪ፣ በእጅሽ ድፈኚው።»

መዳፌን ጋቢው ላይ ተጫንኩ። አረፋው በጣቶቼ መሐል ይወጣል። ደረቴ ዝቅ አለ፣ አገጬ ውሃ ነካ። ኪሮስ በኃይል ይገፋል፤ ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል። ዳርቻው ላይ ስንዱ እስከ ጉልበቷ ገብታ እጇን ዘርግታለች። «ውጪ፣ አትግቢ» ልላት አፌን ስከፍት ውሃ ገባብኝ። እግሬ አንድ ነገር ነካ፤ ለሰለሰ፣ ተወዛወዘ። አዞ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የማሽላ አገዳ ነበር። ቀጥሎ ድንጋይ ነካሁ፣ የተካበ ድንጋይ፣ ጠርዝ ያለው። የእርከኑ ደረጃ ነው። በአንድ እግሬ ረገጥኩት፣ በሌላው የሚቀጥለውን። ስንዱ ክንዴን ያዘች፣ ጎተተችኝ፣ ሁለታችንም ጭቃው ላይ ወደቅን።

«እማ፣ ደርሰሻል» አለችኝ።

ጎኔን ጭቃው ላይ እንዳስጠጋሁ መሬቱን በእጄ ዳሰስኩ። ወደ ላይ የሚወጣ ደረቅ መሬት ነው፣ ከኋላው ተራራው አለ። ኪሮስ ከጎናችን ተቀምጦ ያስላል። ሦስታችንም አለን። ደርሻለሁ አልኩ፤ ድነናል።